ሕፃን አፉን ለመፍታት ሲዘገይ

(በሬድዮ የተሰጠ ንግግር)



በአገራችን ልማድ ሕፃን የመጀመሪያይቱን ቃል ሲናገር «አፉን ፈታ» ይባላል። ልጁ እስከዚያች ቀን ድረስ በውስጡ ታስሮ የቆየ ነገር እንደ ነበረውና አሁን እንደ ተፈታለት አባባሉ ራሱ ያስረዳል። በዚያች ቀን ቤተ ሰቡ ሁሉ ደስ ይለዋል። አያት እልል ትላለች፤ አባት ከሥራ ሲመለስ ገና ከደጃፉ ላይ ዜናው ይነገረዋል፤ ልጁም ያችን አንዲት ቃል ቡና ሊጠጣ ለመጣው ጎረቤት ሁሉ እንዲደግም ይለመናል።

ያች ቀን ስትዘገይስ? የጎረቤት ልጅ «ውኃ»፣ «እማዬ» ሲል የራስ ልጅ ዝም ብሎ ሲመለከትስ? ያን ጊዜ መካሪ አይታጣም። አንዱ «አባቱም የተናገረው በሦስት ዓመቱ ነው» ይላል። ሌላው «ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ ተይው» ይላል። ሌላዋ ደግሞ ወደ እናቲቱ ጆሮ ጠጋ ብላ «የሰው ዓይን አርፎበት ይሆናል» ትላለች። ሁሉም በቅን ልቡና የተናገሩ ናቸው፤ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ምክር በኋላ እናቲቱ ሌሊቱን ዓይኗ ሳይከደን ታድራለች።

በዛሬው ንግግሬ የማነሣው የዚህን ጭንቀት አንድ ልዩ ክፍል ነው። ይኸውም በቤት ውስጥ አስቀድሞ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሲኖርና ታናሹ ደግሞ ለመናገር ሲዘገይ ወላጆች የሚወድቁበት ሥጋት ነው።

በዚህ ነገር ላይ ለመናገር የደፈርሁት ሐኪም ስለ ሆንሁ አይደለም፤ ነገሩ በገዛ ቤቴ ስለ ደረሰ ነው። የሁለት ወንዶች ልጆች አባት ነኝ። ታላቁ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ኦቲዝም እንዳለበት የታወቀው በአራት ዓመቱ ነው፤ እስከዚያ ድረስ «ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል» እያልን ብዙ ጊዜ አሳልፈናል። ታናሹም ዓመት ከስምንት ወር ሲሆነው አንዲት ቃል አልነበረችውም። ስለዚህ ሕፃኑ ዝም ባለ ቁጥር በጆሮዬ የሚሰማኝ የእርሱ ዝምታ ብቻ አልነበረም፤ የወንድሙም ዝምታ ከዓመታት በፊት ተመልሶ ይመጣብኝ ነበር።

ከዚህም ፍርሃት የተነሣ አንድ ክፉ ልማድ አመጣሁ። ማታ ከሥራ ስመለስ ልጄን ከመሳሜ በፊት እፈትነው ጀመር። ከኋላው ሆኜ ስሙን እጠራለሁ፤ ዞረ ወይስ አልዞረም? ማንኪያ በትሪ ላይ እመታለሁ፤ ደነገጠ ወይስ አልደነገጠም? ይህንንም በደብተር እጽፋለሁ። አንድ ምሽት የባለቤቴ እናት ሲመለከቱኝ ቆይተው «ልጄ፣ ይህ ሕፃን ድምፅህን ሲሰማ ወደ በሩ ይሮጥ ነበር፤ አሁን ግን ስትገባ ወደ ጓዳ ይሸሻል» አሉኝ። ደብተሩን ዘጋሁት፤ በሳምንቱም ከባለቤቴ ጋር ሆነን ሁለቱን ልጆች ይዘን ወደ ሕፃናት ሐኪም ሄድን። እዚያ የሆነውን ወደ ኋላ እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ነገሩ የተማርሁትን ላካፍላችሁ።

ኦቲዝም የአእምሮ እድገት ልዩ ሁኔታ ነው። ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበትንና የሚጫወትበትን መንገድ ይለውጠዋል፤ አንድን ነገር ደጋግሞ መሥራትን፣ በለመዱት ሥርዓት መጽናትን ያስወድዳል፤ ለአንዳንዱም ልጅ ሌላው ልብ የማይለውን ድምፅ ወይም ብርሃን እጅግ ከባድ ያደርግበታል። መጠኑም ከልጅ ልጅ ይለያያል። አንዱ ዕድሜውን ሙሉ በአፉ ሳይናገር ይኖራል፤ ሌላው ተምሮ ከፍ ካለ የሥራ ደረጃ ይደርሳል።

ይህንን ሁኔታ በመግለጽ ስማቸው የታወቀው ሐኪም ሊዮ ካነር ናቸው። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ ሲሠሩ የ11 ሕፃናትን ታሪክ ጽፈው አሳተሙ። ከ11ዱ ሕፃናት 8ቱ በጊዜያቸው ወይም ዘግይተው ተናገሩ፤ 3ቱ ግን አልተናገሩም። ከእነዚህም ሕፃናት አንዳንዶቹ አስቀድሞ መስማት የተሳናቸው ናቸው ተብለው ይታሰቡ እንደ ነበር ካነር ጽፈዋል። ይህችን የመጨረሻይቱን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁና።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አንዳንድ ሊቃውንት ጥፋቱን ሁሉ በእናቶች ላይ ጫኑት። ልጇን በፍቅር ያላቀፈች እናት ልጇን እንዲህ ታደርገዋለች አሉ። ብዙ እናቶችም ሐዘናቸው ሳያንስ በዚህ ፍርድ ተጨማሪ ሸክም ተሸከሙ። ይህን አሳብ በብርቱ ከተቃወሙት አንዱ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የሆኑት የሥነ ልቡና ሊቅ በርናርድ ሪምላንድ ሲሆኑ፣ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር የተባሉ ተመራማሪዎች 21 ጥንድ መንትዮችን መርምረው ውጤቱን ገለጹ። ፍጹም ከሚመሳሰሉት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከማይመሳሰሉት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም እንኳ ሁለቱ አልተገኘባቸውም። ከዚህም የነገሩ ሥር በአብዛኛው ከትውልድ ጋር በሚወረሰው ባሕርይ እንደ ሆነ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው አብዛኛው ምርምር ይህንኑ አጽንቶታል። እንግዲህ እናቶች ሆይ፣ የእናንተ አያያዝ ያመጣው አይደለም።

ክትባትም አያመጣውም። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ኦቲዝምን ሳያመጣ አይቀርም የሚል ጥርጣሬ ያስነሣው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1998 ታትሞ ነበር፤ ያሳተመው የሕክምና መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። በታላቁ ልጅ የደረሰውን አይተው ታናሹን ክትባት የሚያስቀሩበት ወላጆች ስላሉ ይህን መናገር ግዴታዬ ነው። ኩፍኝ ሕፃን ይገድላል፤ ክትባቱ ግን ኦቲዝም አያመጣም።

ነገሩ ከትውልድ ጋር የሚወረስ ከሆነ ለታናሹ ልጅ የሚያሠጋው ምን ያህል ነው? ይህ ጥያቄ በልባችን እያለ ለመጠየቅ የምንፈራው ነው። መልሱ ግን ተጠንቷል። ታላቅ ወንድማቸው ወይም ታላቅ እኅታቸው ኦቲዝም ያለበት ሕፃናትን ከጨቅላነታቸው ጀምረው እስከ ሦስት ዓመታቸው የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ 664 ሕፃናት፣ ዳግመኛም እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ 1,605 ሕፃናት አሳትመዋል። በመጀመሪያው ጥናት ኦቲዝም የተገኘባቸው ታናናሾች ከመቶ 18.7፣ በሁለተኛው ከመቶ 20.2 ናቸው። ወንዶቹን ለብቻ ብንወስድ ከመቶ 25 ያህል፣ ሴቶቹን ለብቻ ብንወስድ ከመቶ 13 ያህል ይሆናሉ። ኦቲዝም ያለባት ታላቂቱ ሴት ስትሆን፣ ወይም በቤቱ ከአንድ በላይ እንዲህ ያሉ ልጆች ሲኖሩ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ይህን ቁጥር በሁለት ወገን ሆኖ መመልከት ያስፈልጋል። ከአምስቱ ታናናሾች አንዱ ማለት ከሌላው ቤት ሕፃን ይልቅ ሥጋቱ በእጅጉ የበለጠ ነው፤ ስለዚህ «ተይው፣ ይናገራል» የሚለው ምክር ለእኛ ቤት አይሆንም። እንደዚሁም ከአምስቱ አራቱ ኦቲዝም የለባቸውም። ከእነዚህ ከአራቱም አንዳንዶቹ አፋቸውን ለመፍታት የሚዘገዩ ናቸው። እንግዲህ የታናሹ መዘግየት ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ምልክት ግን ነው።

ወላጅ ምን ይመልከት? ብዙዎቻችን የምንቆጥረው ቃላትን ነው። በርግጥ የቃላትም ጊዜ አላቸው። ሕፃን በስድስተኛውና በዘጠነኛው ወር መካከል «ባባባ»፣ «ዳዳዳ» እያለ ይለማመዳል። በዓመቱ ገደማ የመጀመሪያይቱን ቃል ይናገራል። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው «እማ» እና «አባ»ን ሳይጨምር ቢያንስ ሦስት ቃላት ለመናገር ይሞክራል። ሁለት ዓመት ሲሞላው ሁለት ቃላት ያጋጥማል። ከዚህ የዘገየ ሁሉ መመርመር ይገባዋል።

ነገር ግን ከቃል በፊት የሚመጣ ሌላ ንግግር አለ። ሕፃን በአፉ ከመናገሩ በፊት በዓይኑና በጣቱ ይናገራል። ስሙ ሲጠራ ዘወር ይላል፤ ስንስቅለት ይስቃል፤ እጁን አውለብልቦ ይሰናበታል፤ የምንሠራውን አይቶ ይቀዳል። ከሁሉ በላይ የሚያስተውሉት ግን ጠቋሚ ጣቱን ነው። ጥቆማም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የልመና ጥቆማ ነው፤ ልጁ መደርደሪያ ላይ ያለውን ሙዝ ያሳያል፣ «ስጪኝ» ማለቱ ነው። ሁለተኛው የማካፈል ጥቆማ ነው፤ በሰማይ የሚያልፈውን አውሮፕላን ወይም በግንቡ ላይ የምትሄደውን ድመት ያሳይና ወዲያው ወደ እናቱ ፊት ይመለከታል፤ «አየሻት?» ማለቱ ነው። ድመቷን እንዲሰጡት አይፈልግም፤ የሚፈልገው አብራው እንድታይ ብቻ ነው። ይህ ሁለተኛው ጥቆማ ዓመት ከመንፈቅ በሆነው ሕፃን ዘንድ የሚጠበቅ ነው።

ኦቲዝም ያለበት ሕፃን ብዙ ጊዜ በዚህ ይለያል። ታላቁ ልጄ በዚያ ዕድሜው ውኃ ሲጠማው የእናቱን አንጓ ይዞ ወደ ጆጉ ይጎትታት ነበር፤ እጇን በጆጉ ላይ ያደርጋል፤ ፊቷን ግን አያይም። እኛ ያን ጊዜ «ብልህ ልጅ ነው» እያልን እንስቅ ነበር።

የዚህ ነገር ጥቅም እንዴት እንደ ታወቀ አንድ ምስክር ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1992 ሳይመን ባሮን-ኮኸን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት አለ። ዓመት ከመንፈቅ የሆናቸው 91 ሕፃናት ተመረመሩ፤ 50ዎቹ ከሕዝቡ መካከል እንዲያው የተመረጡ ሲሆኑ፣ 41ዱ ግን ኦቲዝም ያለበት ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ያላቸው ነበሩ፤ እንደ እኔ ታናሽ ልጅ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ የጠየቁት ጥቂት ነገር ነው፤ ልጁ በጣቱ ያሳያል? ሰው የሚያየውን አብሮ ያያል? ባዶ ኩባያ ይዞ ሻይ እንደሚጠጣ ሆኖ በማስመሰል ይጫወታል? ከ41ዱ መካከል 4ቱ ከእነዚህ ከመሳሰሉት ዋና ነገሮች ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ ሳያሳዩ ቀሩ። ከዓመት በኋላ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናቸው ኦቲዝም እንዳለባቸው የታወቀው እነዚያው 4ቱ ብቻ ነበሩ።

ሆኖም መጠይቁ ኋላ ከ16,000 በሚበልጡ ሕፃናት ላይ ሲሞከር ብቻውን ብዙዎችን እንደሚያመልጥ ታየ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ታይቶ «ደኅና ነው» የተባለ ልጅ ዳግመኛ መታየት አለበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃናት ሁሉ በ18ኛውና በ24ኛው ወር ስለ ኦቲዝም እንዲመረመሩ የሚመክረው ለዚሁ ነው። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ኤም-ቻት የተባለው መጠይቅ 20 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት ወላጆች የሚሞሉት ነው።

አሁን ወደ ሐኪም ቤቱ ልመለስ። ሐኪሟ ሕፃኑን ጥቂት ካጫወቱት በኋላ «የሚፈልገውን ነገር እንዴት አድርጎ ይነግራችኋል?» ብለው ጠየቁን። እኔ ቶሎ ብዬ «አይናገርም» አልሁ። ባለቤቴ ግን «ሙዙን በጣቱ ያሳየኛል፤ እኔንም ያየኛል። ድመት ሲያይ ይጠራኛል፤ ድምፅ አውጥቶ ማለቴ ነው፤ ከዚያ ያሳየኛል። ወንድሙ ሲወድቅ መጥቶ ቀሚሴን ይጎትታል» ብላ መለሰች። እኔ ስንት ማታ በደብተር ስጽፍ ይህ ሁሉ በፊቴ ሲደረግ አላየሁትም። ቃል ስቆጥር ልጄ ሲናገር አልሰማሁም።

ሐኪሟም ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጦ የጠርሙስ ቆርኪ ወደሚደረድረው ወደ ታላቁ ልጅ ተመልክተው «ታላቅየውስ?» አሉ። እኔ አሁንም የማውቀው መልስ «አይናገርም» የሚለው ብቻ ነበር። ባለቤቴ «ሲጠማው ኩባያውን አምጥቶ በጉልበቴ ላይ ያኖራል። ሲከፋው ጋቢ ያለብሰኝና አጠገቤ ይቀመጣል» አለች። ልጁ ቆርኪውን መደርደር ትቶ እናቱን ቀና ብሎ አያት። በዚያች ሰዓት ያፈርሁትን ያህል አፍሬ አላውቅም። በዚያ ልጅ ፊት ስንት ጊዜ «አይናገርም» ብያለሁ! «ታናሹ ብቻ እንደ ወንድሙ እንዳይሆንብን» እያልን ቡና ላይ ስንት ጊዜ ተነጋግረናል! እርሱ ግን አልተናገረም እንጂ አልሰማም ያለ ማን ነው?

ሐኪሟ ከሁሉ አስቀድመው ያዘዙት የጆሮ ምርመራ ነው። ካነር የጻፏት ነገር ትዝ ትበላችሁ። ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ምናልባት ድምፁ ደኅና አልደረሰው ይሆናል። ከጉንፋን በኋላ ከጆሮ ታምቡሩ በስተ ኋላ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ወራት የሚቆይባቸው ሕፃናት አሉ፤ አይታመሙም፣ አያለቅሱም፣ ነገር ግን የሚሰሙት ሰው ውኃ ውስጥ ሆኖ እንደሚሰማው ነው። ልጁ በር ሲንኳኳ መዞሩ በደኅና ይሰማል አያሰኝም፤ ከፍ ያለውን ድምፅ ሰምቶ የንግግሩን ዝርዝር ሊያጣ ይችላል። የእኔም ልጅ በሁለቱም ጆሮዎቹ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ተገኘበት። ስለዚህ ንግግሩ የዘገየበት ሕፃን ሁሉ፣ ኦቲዝም ቢጠረጠርም ባይጠረጠርም፣ የመስማት ችሎታው መመርመር አለበት።

ሁለተኛው ምክሬ ጊዜ ስላለመስጠት ነው። ልጁ የነበሩትን ቃላት መናገር ካቆመ፣ ወይም ቀድሞ ያደርገው የነበረውን ሰላምታና ሣቅ ከተወ፣ ቀጠሮ ሳይሉ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። «ኦቲዝም ነው» ወይም «አይደለም» የሚለው ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም አይገባም፤ ሕፃኑ እንዲግባባ የሚረዳው ነገር ኦቲዝም ቢኖርበትም ባይኖርበትም የሚጠቅመው ነውና።

ሦስተኛው ከጎጂ ነገር ስለ መጠበቅ ነው። ልጁ እንዲናገር በማለት እንጥል ማስቆረጥ ደም መፍሰስንና መመረዝን ያመጣል እንጂ ንግግር አያመጣም። ጠበል መጠመቅ፣ መጸለይና ማስጸለይ የእምነት ነገር ነው፤ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል፤ ሐኪም የሚያየውን ቀን ግን ማሳለፍ የለበትም። በቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ ስለ ተነገረ ልጅ አይዘገይም፤ ስለዚህ አያት በኦሮምኛ፣ እናት በአማርኛ ቢያናግሩት ማንም አይከልክል። ስልክ በእጁ ሰጥቶ ሲያይ እንዲውል መተው ግን ከሰው ጋር የሚነጋገርበትን ሰዓት ይወስድበታል።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ? በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በአብዛኛው በአዲስ አበባ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ትምህርት በኢትዮጵያ ውስጥ ተሞክሮ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ለዚሁ ነው። የትምህርቱ ዋና አሳብ ቀላል ነው፤ ወላጅ በየዕለቱ ሥራው መካከል ልጁ የወደደውን ነገር ተከትሎ ከልጁ ጋር እንዲሳተፍ ነው።

ይህን በገዛ ቤታችን ሞክረነዋል። ልጁ ኳስ ሲያይ «ይህ ምንድን ነው? በል፣ ኳስ በል» ብሎ ማስጨነቅን ተውን። ከዓይኑ ትይዩ መሬት ላይ ተቀምጠን «ኳስ። ኳሱ ሄደ» ብለን እንናገራለን፤ ቃሉ አጭር ይሁን፣ ድምፁም ቀስ ያለ ይሁን። ከዚያ በኋላ ዝም ብለን እንጠብቃለን። ለእኔ እጅግ የከበደኝ ይህ መጠበቅ ነው፤ ትልቅ ሰው ፈጥኖ ይናገራል፤ ሕፃኑ ግን ተራው ሲደርሰው ጊዜ ይፈልጋል። ብርቱካን ስትላጥለት ሁሉንም አትስጠው፤ አንዲት ክፋይ ሰጥተህ ቆይ፤ ዓይኑን አንሥቶ ቢያይህ፣ እጁን ቢዘረጋ፣ ድምፅ ቢያወጣ ያ ሁሉ መልስ ነውና ፈጥነህ ስጠው። አኩኩሉ መጫወትም ትልቅ ትምህርት ነው፤ ተራ መጠበቅን፣ ድምፅ መስማትን፣ ፊት መፈለግን ያስተምራል። መናገር ለሚያቅተው ታላቅ ልጅም በሥዕልና በምልክት እንዲያመለክት ማስተማር ንግግሩን አይከለክለውም፤ ይልቁንም ያግዘዋል።

በመጨረሻ ስለ ታላቁ ልጅና ስለ ጎረቤት ጥቂት ልናገር። በአዲስ አበባ በሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ልጆቻቸውን የሚያስታምሙ 102 ወላጆችና አሳዳጊዎች ተጠይቀው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ከመቶ 45 የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራቱ አንድ የሚበልጡት ደግሞ ነገሩን ከሰው ለመሰወር እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ይህ ኀፍረት ታላቁን ልጅ በጓዳ ያስቀምጠዋል፤ ታናሹንም ይጎዳዋል። ታላቁን የሸሸገ ቤተ ሰብ የታናሹን መዘግየት ለማን ይናገራል? ለሐኪም እንኳ ሳይናገር ዓመት ያልፋል።

በአገራችን ይህን መጋረጃ በአደባባይ ከገለጡት አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነበሩ። ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሲሆኑ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ከእርሳቸው ወዲህ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን የመሳሰሉ ሌሎችም ተነሥተዋል። እነዚህ ቦታዎች ሁሉን ልጅ ሊቀበሉ አይችሉም፤ ነገር ግን አንድ ወላጅ የሌላውን ወላጅ ፊት አይቶ «ለካ ብቻዬን አይደለሁም» እንዲል አድርገዋል።

ስለ ታናሹ ልጄ ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ። ጆሮው ታክሞ ፈሳሹ ደርቋል። አሁን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሲሆነው ዐሥራ ስድስት ቃላት አሉት። ባለፈው ሳምንት ሁለቱን አጋጥሞ እናቱን «እማ፣ ና» ብሎ ጠራት፤ ወንድና ሴት ባይለይም ሄዳለታለች። ነገር ግን ከዕድሜ እኩዮቹ ገና የዘገየ ነው፤ ሐኪሟም በሦስት ዓመቱ እንደ ገና ሊያዩት ቀጠሮ ሰጥተውናል። እንግዲህ የመጨረሻው መልስ ገና በእጃችን አይደለም። የተለወጠው የእኔ ጸሎት ነው። «እንደ ወንድሙ አታድርገው» ማለትን ትቻለሁ፤ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ የልባቸውን እንዲነግሩን፣ እኛም የምንሰማበት ጆሮ እንዲኖረን እለምናለሁ።

ክቡራን አድማጮች፣ አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ልጃችሁ ለመናገር የዘገየባችሁ ሁሉ፣ ይልቁንም ታላቁ ኦቲዝም ያለበት፣ ነገሩን በፍርሃት አትሸሽጉት፤ በይሆናል ተስፋም አታቆዩት። ጆሮውን አስመርምሩ፤ ጣቱንና ዓይኑን ተመልከቱ፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ አንድ ጊዜ ደኅና ቢባልም መልሳችሁ አሳዩት። ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ግን አስቀድማችሁ ሁለቱንም ሳሟቸው።